ሁለት ሳምንት ያልሞላው ሳል

ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ከጤና ስልጠናው ስንወጣ ሁለት ሁለት ደብተር ሰጡን። አንደኛው የአንድ ለአምስት መዝገብ ነው። በኔ ሥር ያሉት አምስት ቤቶች እንዴት እንደጸዱ፣ ማን እንደተከተበ፣ ማን ምን እንደጎደለው እዚያ ላይ ይሰፍራል። ሁለተኛው ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። እኔ የሆዴን ልጽፍበት ነው። መዝገቡን ሁሉም ያየዋል፤ ይህን ግን ከዱቄት ዕቃው ኋላ አስቀምጠዋለሁ።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። የአምስቱን ቤት ቆሻሻ አስጠርጌ በራችን ላይ አስቆለልሁና ራሴ ለኮስሁት። ጭሱ ሰፈሩን ሲሞላው ቆሜ ንግግር አደረግሁ። "በሽታ ከቤታችን ይውጣ ካልን እጃችንን እንታጠብ፣ ሽንት ቤታችንን እንክደን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካለ ሳንደብቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ" አልኋቸው። ከስልጠናው ቃል አንድ አልጣልሁም። ጎረቤቴ ወርቅአየሁ "አንችስ ካድሬ መሆን ነበረብሽ" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልለየሁትም።

ባለቤቴ ክንዴ ከዚያ ወዲህ ያስላል። ጭሱ ነው።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ሀይማኖት መጥታ ነበር። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ልጅ እግር፣ ቦርሳዋ ከሷ የሚበልጥ። ጥር ሃያ ከሌላ ዞን እንግዶች ለልምድ ልውውጥ እንደሚመጡና የኔ ቤት ለጉብኝት እንደታጨ ነገረችኝ። ጥሩ ከሆነ የሞዴል ቤተሰብ ምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ይሰጠኛል።

"እትዬ እናትነሽ፣ ያለውን እንዳለ ነው የምናሳያቸው፤ አትጨነቂ" አለችኝ። ልጅ ናት። ያለውን እንዳለ ለእንግዳ የሚያሳይ ሰው የት አይታ ነው?

ወርቅአየሁም ታጭታ ነበር። ሽንት ቤቷ ክዳን ስለሌለው ቀረች። ይህን የጻፍሁት ደስ ብሎኝ አይደለም።

ኅዳር 20

ገበያ ዋልሁ። ሽታ ያለው የገላ ሳሙና፣ ሦስት የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ፎጣ፣ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ገዛሁ። ጀሪካኑን ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ አሰቀልሁና ሳሙናውን ከነወረቀቱ ከሥሩ አስቀመጥሁት። ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቅሁ። ለእኛ እጅ የልብስ ሳሙና ቁራጭ አለ፤ እሱም ቢያልቅ አመድ አለ።

ብሩሾቹን ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ መደርደሪያ ላይ አደረግኋቸው። ክንዴ መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ቆሞ አያቸውና "እነዚህ አበባ ናቸው?" አለኝ። ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው።

ልጄ ሜላት የሳሙናውን ወረቀት ልጣ ስታሸት ደረስሁባትና ቆነጠጥኋት። አምስት ዓመት አልሞላትም። እጅ ለመታጠቢያ በተገዛ ሳሙና እጇን ልትታጠብ ስትል ቆነጠጥኋት። ሲጻፍ ደስ አይልም።

ኅዳር 24

አሥራ ሦስት ቀን። ነገ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። ሌባ የምጠብቅ ይመስል ቀኑን ስጠብቅ ዋልሁ።

ኅዳር 26

እግዚአብሔር ይመስገን። ክንዴ ከሰል ሊያስጭን አዲስ ቅዳም ከተማ ሄዶ ሁለት ቀን ቆይቶ መጣ። እዚያ ሳለ ያስል ወይም አያስል አልሰማሁም። ያልሰማሁትን ቀን እንዴት አድርጌ እቆጥራለሁ? ስለዚህ ሳሉ ተቋርጧል። ዛሬ እንደገና ጀመረው፤ ከከሰሉ አቧራ ነው። ቀን አንድ።

ታኅሣሥ 1

ሽንት ቤቱን ቆለፍሁት። ክንዴ በጥቅምት ነው ሠርቶ የጨረሰው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ክዳኑ እጀታ አለው። ሦስት ሰው እየገባ እየወጣበት እስከ ጥር ሃያ እንዲህ ሊቆይ አይችልም። ለጊዜው ወርቅአየሁን አስፈቅጄ በሷው እንጠቀማለን። ከአጥሩ በኩል የምንሾልክበት ክፍተት አለ።

ክንዴ ቁልፉን ሲያይ "እኔ ይህን ጉድጓድ የቆፈርሁት ለማን ነው?" አለኝ።

"ለጥር ሃያ" አልሁት።

ታኅሣሥ 3

ብርድ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። በእንጅባራ ብርድ የማያስል ማን ነው? ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ማር ገዛሁ። ለአምስቱ ቤት "የቤት ውስጥ መድኃኒት አታብዙ" ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ይህ ግን መድኃኒት አይደለም፤ ቅመም ነው።

ክንዴ ሌሊት ሌሊት ልብሱ እስኪርስ ያልበዋል። ብርድ ልብሱ ወፍራም ስለሆነ ነው።

ታኅሣሥ 7

ወርቅአየሁ ከአጥሩ ማዶ ለሌላ ሴት ስትናገር ሰማሁ። "ሞዴሉ ሽንት ቤት እዚያ ማዶ ነው፤ ሽንቱ ግን እኔ ዘንድ ነው።" ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ጨርሼ ገባሁ።

ክንዴ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀ። በጾሙ ነው። ሰው ሲጾም ይከሳል።

ታኅሣሥ 9

በቆጠራው አሥራ አራተኛው ቀን ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋት እስከ ቀትር አንድም አላሳለም። ከቀትር በኋላ ያሳለው ሌላ ነው። ቀን አንድ።

ታኅሣሥ 14

ይህን ረጋ ብዬ ልጻፈው፤ ምን እንዳደረግሁ ለራሴም እንዲገባኝ።

ሀይማኖት ፎርሟን ይዛ ለቅድመ ጉብኝት ምዘና መጣች። ክንዴን ወደ ጓዳ አስገባሁትና የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የጉድጓድ ሽንት ቤት? አለ። የእጅ መታጠቢያ? አለ። አጎበር? አለ። "የሚያስል ሰው?" ስትለኝ "የለም" አልኋት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሬዲዮው ዜናውን ጨርሶ ዝም አለ፣ ክንዴም ከጓዳ አሳለ። ቀላል ሳል አይደለም፤ የቤቱን ቆርቆሮ የሚያነቃንቅ።

ሀይማኖት ብዕሯን አንሥታ አየችኝ። "ይሄ ማነው?"

"ዳማ ነው" አልኋት።

ዳማ ፈረሳችን ነው። ጋጣው ከጓዳው ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰን፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይመስልም። ክንዴ በያመቱ ጥር ሃያ ሦስት በፈረስ በዓል የሚጋልበው እሱን ነው። ከኔ ቀድሞ የሚያጎርሰው እሱን፣ በአገውኛ የሚያወራውም ከሱ ጋር ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ አገውኛ አልሰማም። የሚባባሉትን አላውቅም።

ሀይማኖት አዘነች። "ወይኔ፣ ምስኪን" አለች። ፎርሟ ላይ "የለም" የሚለውን ምልክት አድርጋ ሄደች። ክንዴ ከጓዳ ወጣ።

"ፈረሴን ምን አልሽው?" አለኝ።

ታኅሣሥ 18

ሀይማኖት ደግ ልጅ ናት። ደግነቷ ገደለኝ። ስለ ፈረሱ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ለምንይችል ነግራው ኖሮ ዛሬ በሞተር ሳይክል መጣ። የዳማን ጆሮ ያዘ፣ አፍንጫውን አየ፣ ደረቱ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። "ምንም አይሰማኝም፤ ግን ስታሳውቁ በከንቱ አይሆንም" ብሎ መርፌ ወጋው። "ጋሼ ክንዴ፣ ለአርባ ቀን ከሌላ ፈረስ ጋር እንዳይገናኝ። በደንብ ይብላ፣ ሥራ አይሥራ፣ ብርድ አይንካው።"

ክንዴ ይህን ሁሉ የሰማው ደረቱን በእጁ ደግፎ ነው። ምንይችል ከሄደ በኋላ "የታደለ ፈረስ" አለ። የራሱን ጋቢ አውልቆ ዳማን አለበሰው። እኔ መልሼ ክንዴን አለበስሁት።

ታኅሣሥ 22

አሥራ አራት ቀን። ግን የፊተኛው ሳል ደረቅ ነበር፣ ይህ እርጥብ ነው። ሁለት ዓይነት ሳል በአንድ መቁጠር ስህተት ነው። ቀን አንድ።

ክንዴ ጫማውን እያሰረ "ጤና ጣቢያ ብቅ ልበል እንዴ?" አለኝ። ዓይኑ ወደ ጫማው ነው።

"ጥር ሃያ አንድ ትሄዳለህ። ስምህ መዝገብ ላይ ቢገባ እንግዶቹ ሌላ ቤት ይሄዳሉ" አልሁት።

"እሽ" አለ። ክንዴ ሳይከራከር እሽ ሲለኝ አልወድም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮው ጥሩ ወጣ። ክንዴ አንድ ቅልጥም ይዞ ቆየና ለሜላት ሰጣት። ጾሙ ስለተፈታ አሁን ይወፍራል።

ጥር 3

አያ ሽባባው የፈረሰኞቹ ሽማግሌ ናቸው። ክንዴን አስጠርተው "ፈረስህ ታሟል አሉ። የሌላውን ሰው ፈረስ ልናስይዝ አንችልም፤ ዘንድሮ ዳማ ይቅር" አሉት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጥር አምልጦት አያውቅም። ቤት ገብቶ የበዓሉን ኮርቻ ከግድግዳው አወረደ፣ ወለወለው፣ መልሶ ሰቀለው። እራት አልበላም።

ልናገር አስቤ ነበር። "ፈረሱ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት" ብዬ አያ ሽባባው ቤት ልሄድ ነጠላዬን ለበስሁ። ከዚያ "ታዲያ ያሳለው ማን ነበር?" ቢሉኝስ? ነጠላዬን አወለቅሁ። አሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረው።

ጥር 10

ሳል አልቆጠርሁም። ጥምቀት ነገ ስለሆነ ሥራ በዛብኝ።

ጥር 13

ለጉብኝቱ ቀን ፊቴ እንዲያበራ ብዬ አንድ ክሬም ገዛሁ። ባለሱቁ "በሳምንት ለውጡን ታይዋለሽ" አለኝ። ከላዩ የተጻፈውን ማንበብ አልቻልሁም፤ የየት አገር ፊደል እንደሆነም አላወቅሁ። ባለፈው ወር አምስቱን ቤት ሰብስቤ "ምንነቱን የማታውቁትን ነገር ፊታችሁን አትቀቡ" ብያለሁ። እኔ ግን ባለሱቁን አውቀዋለሁ።

ሜላት የአባቷን ሳል ታስመስላለች። ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው። ተይ ብላት አትተውም።

ጥር 16

ፊቴ ነደደ። ጉንጬ ቀልቶ ተላላጠ። ባለሱቁ ልክ ነው፣ ለውጡን አየሁት።

ሜላት ጋጣው በር ላይ ተቀምጣ አባቷንና ዳማን ስታይ ነበር። እሷ አገውኛውን ከአባቷ ለምዳዋለች። "አባዬ ለዳማ ምን እያለው ነው?" አልኋት፤ ላጫውታት ብዬ ነው የጠየቅሁት።

"ደክሞኛል እያለው ነው" አለችኝ።

"ሌላስ?"

"እናትህን አታስቀይማት፣ አራት ቀን ነው የቀረው እያለው ነው።"

ዳማ እናት የለውም። በልጅነቱ ነው ከግምጃ ቤት ከተማ የተገዛው። ወደ ቤት ገብቼ የተወለወለውን መደርደሪያ እንደገና ወለወልሁት።

ጥር 19

ነገ ነው። ክንዴ በጠዋት አዲስ ቅዳም ይሄዳል፤ ተስማምተናል። ሜላትን ጠዋት ሁለት ማንኪያ ማር አልሳታለሁ፣ እንዳታስመስል።

ጥር 20

እንደሆነው ልጽፈው ነው።

እንግዶቹ አሥራ ሁለት ነበሩ፣ ካሜራ የያዘም አለ። የተላላጠ ፊቴ እንዳይታይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ተቀበልኋቸው፤ አንዱ "ጨዋ ሴት" ሲል ሰማሁ። መደርደሪያውን አደነቁ፣ ብሩሾቹን ፎቶ አነሡ። የቡድኑ መሪ ጠና ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። ሽንት ቤቱን ከፍቼ አሳየኋቸው። ከቆለፍሁት ወዲህ እንኳን ሰው ዝንብ ገብቶበት አያውቅም። ሴትዮዋ ግን ወደ ውስጥ ብዙም አላዩም። ወደ እግራቸው ነው ያዩት።

"ወደዚህ የሚመጣው መንገድ ሣር አብቅሏል" አሉ። ከዚያ ዞር አሉና ወደ አጥሩ ክፍተት የሚወስደውን፣ በሦስታችን እግር ተረግጦ የነጣውን መንገድ አዩት። "ያኛው ወዴት ነው የሚሄደው?"

ወርቅአየሁ አጥሯ ላይ ተደግፋ ትመለከት ነበር። "ወደኔ ነው፣ እሜቴ" አለች።

ያን ጊዜ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ክንዴ አዲስ ቅዳም አልሄደም። ዳማን የበዓሉን ኮርቻ ጭኖ፣ ጌጡን ሁሉ አድርጎለት፣ አያ ሽባባውንና ምንይችልን አስከትሎ በበሩ ገባ። በእግሩ ነው የመጣው፤ መጋለብ አልቻለም። እንግዶቹ ለነሱ የተዘጋጀ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ።

"አያ ሽባባው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዲሰሙኝ ነው ያመጣሁዎ" አለ ክንዴ። "ፈረሴ አያስልም። አስሎም አያውቅ። የሚያስለው እኔ ነኝ። እኔን ከልክሉኝ፣ ለሱ ግን ስሙን መልሱለት።"

ከዚያ አሳለ። እንደዚያ ሲያስል እኔም አልሰማሁትም ነበር፤ ወይም ሰምቼ ነበር። ጎንበስ ብሎ በጋቢው አፉን ያዘ። ቀና ሲል ጋቢው ላይ ቀይ ነገር አየሁ። የጋቢው ጥለት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። የክንዴ ጋቢ ጥለት የለውም።

የሚያጨበጭብ አልነበረም። ሀይማኖት ፎርሟን ጥላ እየሮጠች መጥታ ክንዱን ያዘችው። "ጋሼ ክንዴ፣ ስንት ጊዜ ሆነዎ?"

ክንዴ ወደኔ አየ። ሁሉም ወደኔ አዩ። ሦስት የተለያየ "ቀን አንድ" በጭንቅላቴ ነበረኝ። ነጠላዬን ከፊቴ አወረድሁና "ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ነው፤ ስልሳ ስምንት ቀን" አልኋት። አንድም ቀን ጠፍታኝ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ጥር 22

የአክታው ውጤት መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒቱ ስድስት ወር ይፈጃል፣ ይድናል አሉ። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ደረቱ እንዲህ አይጎዳም ነበር አሉ። ነርሷ ይህን ስትል እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለመስታወት ውስጥ ወረቀት ብዬ ባሌን ከፈረስ በታች አደረግሁት።

ጥር 23

አያ ሽባባው ዳማን ራሳቸው ጋለቡት። ክንዴ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ከራቅ ብሎ ቆሞ አየ። ዳማ ሲያልፍ በአገውኛ ጮኾ አንድ ነገር አለው። ሜላትን ምን አለው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እየሳቀ ነበር።

ጥር 27

ሜላት እያስመሰለች አልነበረም። ሆስፒታል ልከውን ራጅ ተነሣች። እሷም ጀምሯታል። መድኃኒት ተሰጣት። ገና ጅምሩ ላይ ስለሆነ ፈጥና ትድናለች አለኝ ሐኪሙ። በመንገድ ላይ አዝያት እያለቀስሁ መጣሁ። "እማዬ፣ ሳሙናውን ስለነካሁት ነው?" አለችኝ።

ቤት እንደገባን የሳሙናውን ወረቀት ቀድጄ ጣልሁ። እስክትሰለች ድረስ አረፋ ስታበዛ ዋለች። የሽንት ቤቱን ቁልፍም ከበሩ አውልቄ ለወርቅአየሁ ለመጋዘኗ ሰጠኋት።

የሞዴል ቤተሰብ ምስክር ወረቀቱን የወሰደችው ወርቅአየሁ ናት። እኛ ስንመላለስባት አፍራ ክዳን አሠርታ ነበር። እንግዶቹ "በሁለት ቤተሰብ ጥቅም ላይ የዋለ" ብለው ተጨማሪ ነጥብ ሰጧት። ከሰዓት በኋላ መጣች። ምስክር ወረቀቱን ልታሳየኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርሁ። ለክንዴ ወተት፣ ለሜላት አሥር እንቁላል ነው ያመጣችው። "የአንድ ለአምስቱን መዝገብ አንችው ያዥው፤ እኔ ንግግር አልችልም" አለችኝ።

የካቲት 2

ዛሬ ጠዋት አሳለኝ። አንዴ፤ ከዚያ ደግሞ። ብርድ ነው አልሁ በሆዴ። ጭስ ነው። እጄ ወደዚህ ደብተር ሄደ፣ "ቀን አንድ" ልጽፍ።

አልጻፍሁም። ነጠላዬን ለብሼ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። በሩ ገና አልተከፈተም ነበርና ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሀይማኖት መጥታ ስታየኝ ደነገጠች።

"እትዬ እናትነሽ፣ ምን ሆንሽ?"

"አሳለኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዛሬ ጠዋት።"

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። "ዛሬ ጠዋት እኮ ሁለት ሳምንት አይደለም" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኋት። "መቁጠሩን ካንች በቀር ለማንም አልተውም። ለኔማ ጨርሶ።"